ፍሎራይድን ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ስለ ማውጣትና ማጣሪያው ስለሚሞላበት ቀን

ስለ ተበከለ ውሃ ሲነገር በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው የደፈረሰ ወንዝ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ኩሬ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ውሃ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ፣ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ሽታም ሆነ ክፉ ጣዕም የሌለው ነው። አፍልተው ቢጠጡትም ጉዳቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም በእንፋሎት የሚሄደው ውሃው ብቻ ስለሆነ በማሰሮው ውስጥ የሚቀረው ይበረታል። ይህ ውሃ የያዘው ነገር ፍሎራይድ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለው ያገራችን ተረት ለዚሁ ነገር የተነገረ ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ለምን እንደሚበዛና የአካባቢ ኬሚስትሪ ሊቃውንት እሱን ለማውጣት የደከሙባቸውን መንገዶች ባጭሩ መግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ በምርምር ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ የሚነካውን ጥያቄ ወደ ፊት ማምጣት ነው፤ ይኸውም ማጣሪያው ፍሎራይድ ጠግቦ የማይዝበት ቀን ሲደርስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት የአንድ ማጣሪያ ዋጋ የሚመዘነው አዲስ ሳለ በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በዚያ ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

፩. ፍሎራይድ ከየት ይመጣል

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ከሥሩ ያሉት ዐለቶች፣ በተለይም ራዮላይት የሚባለው፣ እንደዚሁም ፐሚስና የእሳተ ገሞራው ዐመድ ፍሎራይድ አላቸው። በመሬት ውስጥ የሚጓዘው ውሃ፣ ይልቁንም ከታች በሚመጣው ሙቀት የሞቀው፣ በነዚህ ዐለቶች መካከል ብዙ ዘመን ሲቆይ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይሸከማል።

ነገር ግን ዐለቱ ብቻውን ሙሉውን ምክንያት አይሰጥም። ፍሎራይድና ካልሲየም ሲገናኙ ፍሎራይት የተባለ በውሃ እምብዛም የማይሟሟ ማዕድን ይሆናሉ። ስለዚህ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይዱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ደለል ሆኖ ይወርዳል፤ ተፈጥሮ ራሷ ውሃውን ታጠራዋለች ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ብዙው የጉድጓድ ውሃ በሶዲየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ፣ በካልሲየም ግን የደኸየ ነው። ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ እንደ ኖራ ድንጋይ አስቀድሞ ስለሚወርድ፣ ፍሎራይዱን ይዞ የሚያሰጥመው ይጠፋል። ውጤቱም በሐይቆቹ ላይ በጉልህ ይታያል፤ መውጫ በሌላቸው በሻላና በአቢጃታ ሐይቆች ፀሐይ ውሃውን እያተነነች ጨውን ስለምታስቀር፣ የፍሎራይዱ መጠን በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ይደርሳል። ሰው የሚጠጣቸው ጉድጓዶች እንደ ሐይቆቹ የበረቱ አይደሉም፤ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚበልጡ በሸለቆው ውስጥ ይገኛሉ።

፪. በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ከመቦርቦር እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የምንነጋገረው ፈጽሞ ስለ ማጥፋት ሳይሆን መጠኑን ስለ መቀነስ ነው። መጠኑ ሲበዛ አስቀድሞ የሚጎዳው ቋሚ ጥርሳቸው በድድ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን፣ ማለት እስከ 8 ዓመት ገደማ ያሉትን ሕፃናት ነው። ጥርሱ ሲበቅል በልዞ ይወጣል፤ ሲበረታም ይቦረቦራል፣ ይሸራረፋል። ጥርሱ ከተሠራ በኋላ ውሃው ቢለወጥ የበለዘው አይመለስም።

የጥርስ መበለዝ ምክንያቱ ውሃ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ፍሬድሪክ መኬይ የተባለው የጥርስ ሐኪም በ1901 በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር፣ በዚያ ተወልደው ያደጉት ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ሲፈልግ ቆይቶ ውሃውን ቢጠረጥርም፣ በጊዜው የነበረው የኬሚስትሪ ምርመራ በውሃው ውስጥ የተለየ ነገር ሊያሳይ አልቻለም። በ1931 ግን የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል፣ ቦክሳይት ከተባለችው የማዕድን ከተማ የመጣውን ውሃ በብርሃን መተንተኛ መሣሪያ መርምሮ ከፍተኛ ፍሎራይድ አገኘበት። አንድ ሐኪም ሠላሳ ዓመት በዓይኑ ሲያየው የኖረው ነገር በኬሚስት ላቦራቶሪ ስም አገኘ። ከዚህ የምንማረው፣ ያልተለካ ነገር ቢታይም እንኳ ሊወገድ አለመቻሉን ነው።

ከጥርስ የሚብሰው በአጥንት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ለብዙ ዓመታት የተጠጣ ፍሎራይድ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ አከርካሪና መገጣጠሚያ ይደርቃሉ፣ አንገትን ማዞርና መጎንበስ ያስቸግራል፣ እየከፋ ሲሄድም ነርቭ ተጭኖ እግር እስከ መስነፍ ያደርሳል። በአገራችን ይህ በግልጽ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ወንጂ ነው። በሆላንድ ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ሲጀምር ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር ብዙ ሠራተኛ ወደዚያ ገባ። ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ለብዙ ዓመት ከጠጡት መካከል በአጥንት ፍሎሮሲስ የተጎዱ ሰዎች ኋላ በሐኪሞች ተመርምረው ታወቁ። በ1987 የነርቭ ሐኪሙ ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ መጠንና ስለ በሽታው ያወጡት ጥናት፣ ነገሩ የአንድ እርሻ ብቻ ሳይሆን የሸለቆው ሁሉ መሆኑን አሳይቷል።

፫. የማውጫው መንገዶች

ከማናቸውም ማጣሪያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ፍሎራይዱ ያነሰ ሌላ ውሃ በአቅራቢያ አለ ወይ የሚለው ነው። ከደጋው ምንጭ በቧንቧ ማውረድ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ሁለት ውሃ መቀላቀል ከተቻለ፣ ይህ ከማናቸውም ኬሚስትሪ ይሻላል። ኬሚስቱ የሚጠራው እነዚህ ባልተቻሉበት ስፍራ ነው። ከተሞከሩት ብዙ መንገዶች ሦስቱን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው የናልጎንዳ ዘዴ ነው። ይህን በ1970ዎቹ ዓመታት ያወጣው በህንድ አገር በናግፑር ከተማ ያለው ብሔራዊ የአካባቢ ምሕንድስና ምርምር ተቋም ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በሽታው ከበዛባት ከናልጎንዳ ነው። በውሃው ላይ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ተጨምሮ ይማሰላል፤ እንደ ጥጥ የሆነ ዝቃጭ ይሠራና ፍሎራይዱን ይዞ ይወርዳል፤ ከላይ የጠራው ይቀዳል። ባልዲ፣ ማማሰያና ሁለት ዱቄት ብቻ ስለሚፈልግ በየቤቱ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር የሚጨመረው አሉሚኒየም ሰልፌት እጅግ ይበዛል፤ በውሃው ውስጥ የሚቀረው ሰልፌት ይጨምራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል፤ የሚጣል ዝቃጭም በየቀኑ ይተርፋል። ለስምጥ ሸለቆ ብርቱ ውሃ ይህ ቀላል ችግር አይደለም።

ሁለተኛው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር ባነሰበት ምድጃ ተቃጥሎ ከተፈጨ በኋላ ውሃው በውስጡ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሥራውን የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ያለው ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለው ማዕድን ነው። የፍሎራይድ አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ሁለቱም አንድ አሉታዊ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ፣ በመጠንም ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ ፍሎራይዱ ሃይድሮክሳይዱን አስወጥቶ በቦታው ይገባል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ይህ በሕያው ሰው አጥንት ውስጥ የሚሆነው ያው ለውጥ መሆኑ ነው። አጥንት በገላችን ውስጥ ሆኖ የሚጎዳበት ጠባዩ በማጣሪያ ውስጥ ሲገባ ይጠቅመናል። የአጥንት ከሰል ችግር በምድጃውና በልብ ላይ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ውሃው ይሸታል፣ ቀለምም ያወጣል፤ ከበዛ ደግሞ ፍሎራይድ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። በልብ በኩል ደግሞ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አጥንቱ የየትኛው እንስሳ ነው፣ ማን አረደው፣ በጾም ቀን በዚህ ያለፈ ውሃ ይጠጣል ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ከኬሚስትሪ ውጭ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ያልተጠጣ ውሃ ቢጣራም ባይጣራም አንድ ነውና።

ሦስተኛው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዘሮች ናቸው። አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው በፋብሪካ የተሠራ ጠጠር በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራውም ውሃው ጥቂት ወደ አሲድነት ሲያዘነብል፣ ማለት ፒ.ኤች. 6 ገደማ ሲሆን ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን በባይካርቦኔቱ ምክንያት ወደ አልካላይነት ያዘነብላል። በዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ኬሚስት ፈለቀ ዘውጌና ባልደረቦቻቸው የደከሙት። በ2006 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከአሉሚኒየም ሰልፌት የተዘጋጀ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ፍሎራይድን ከውሃ እንደሚያወጣ አሳዩ፤ ይህም ከፒ.ኤች. 4 እስከ 9 ባለው ሰፊ ክልል መሥራቱ ለሸለቆው ውሃ የተመቸ ያደርገዋል። መነሻው አሉሚኒየም ሰልፌት መሆኑም ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚያው በስምጥ ሸለቆ፣ ከወንጂ ሳይርቅ፣ በአዋሽ መልካሳ አሉሚኒየም ሰልፌት የሚሠራ ፋብሪካ ተቋቁሟል። በናልጎንዳ ዘዴ በየባልዲው የሚበተነው ያው ነገር፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶና ደርቆ በማጣሪያ ውስጥ ሲገባ፣ ሰልፌቱ በዝግጅቱ ጊዜ ታጥቦ ስለሚወጣ በሚጠጣው ውሃ ላይ አይጨመርም።

፬. አንድ ስሌት

ፍሎራይዱን የሚይዘውን ዱቄት ወይም ጠጠር ለአነጋገር እንዲመች «ያዥ» እንበለው። የያዡ ኃይል የሚነገረው አንድ ግራም ያዥ ስንት ሚሊግራም ፍሎራይድ እንደሚይዝ በመቁጠር ነው። ይህ ቁጥር በቤተሰብ ኑሮ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ።

አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለወጥ በቀን 20 ሊትር ያስፈልገዋል እንበል፤ ለመታጠቢያና ለልብስ የሚሆነውን ማጣራት አያስፈልግም። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 10 ሚሊግራም ፍሎራይድ ቢኖረውና ወደ 1.5 ማውረድ ብንፈልግ፣ ከእያንዳንዱ ሊትር 8.5 ሚሊግራም፣ በቀን 170 ሚሊግራም፣ በዓመት 62 ግራም ያህል ፍሎራይድ ማውጣት ይኖርብናል። ያዡ በግራም 1 ሚሊግራም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ለዚህ ቤተሰብ በዓመት 62 ኪሎ ያዥ ያሻል። በግራም 5 ሚሊግራም የሚይዝ ከሆነ ግን 12 ኪሎ ተኩል ያህል ይበቃል። መንደሩ 200 ቤተሰብ ቢሆን ልዩነቱ 12 ቶን ተኩል በማመላለስና 2 ቶን ተኩል በማመላለስ መካከል ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ትንሽ የሚመስል የቁጥር ልዩነት በመንደር ሲደርስ የመኪናና የአህያ ጭነት ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በምርምር ጽሑፎች የሚነበበው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተገኘው ፍሎራይዱ እጅግ በበዛበት የሙከራ ውሃ ነው። ያዥ ግን በዙሪያው ያለው ፍሎራይድ ሲያንስ የሚይዘውም ያንሳል። እኛ የምንፈልገው ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ያዡ ምን ያህል እንደያዘ ነው፤ በ100 ሚሊግራም ውስጥ የያዘው ለጠጪው አይጠቅመውም። እንደዚሁም በተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ የተሠራ ሙከራ በሸለቆው ውሃ ከተሠራው ጋር አንድ አይደለም፤ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ባይካርቦኔቱ ፒ.ኤች.ውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ በያዡ ላይም ከፍሎራይድ ጋር ቦታ ይሻማል።

፭. ማጣሪያው የሚሞላበት ቀን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አዲስ ያዥ የተሞላበት ማጣሪያ በመጀመሪያው ቀን ከፍሎራይድ የጸዳ ማለት ይቻላል የሚባል ውሃ ይሰጣል። በሳምንታትና በወራትም እንዲሁ ይቀጥላል። በውስጡ ግን ከላይኛው ወገን ጀምሮ ያዡ እየጠገበ፣ የጠገበውም ክፍል እየወረደ ይሄዳል። ከታች በደረሰ ጊዜ በሚወጣው ውሃ ላይ ፍሎራይዱ መታየት ይጀምራል፤ ከዚያም ከፍ እያለ ሄዶ በመጨረሻ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆናሉ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ለጠጪው ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ውሃው እንደ ጠራ ነው፤ ጣዕሙ ያው ነው፤ ቧንቧው እንደ ወትሮው ይፈሳል። አሸዋ የሞላበት ማጣሪያ ሲደፈን ውሃው ይዘገያልና ራሱ ይናገራል፤ የፍሎራይድ ማጣሪያ ግን ዝም ብሎ ይሞላል። እናቲቱ ቀድሞ ከሩቅ የዝናብ ኩሬ ትቀዳ የነበረች ብትሆን፣ ማጣሪያ አለልኝ ብላ ያንን ትታለች። እንግዲህ የሞላ ማጣሪያ ምንም ማጣሪያ ካለመኖር የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሌላውን ጥንቃቄ ሁሉ ያስጥላልና። የናልጎንዳ ዘዴ በየቀኑ አዲስ ዱቄት ስለሚጨመርበት እንዲህ ያለ የሚሞላበት ቀን የለውም፤ ነገር ግን በየቀኑ መጠኑን ለመሳሳት አጋጣሚ አለው።

ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል። ፍሎራይድን ለመለካት ከሁሉ የተመቸው በ1966 ፍራንትና ሮስ ያወጡት ከላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል የተሠራው ኤሌክትሮድ ነው። በዚህ መሣሪያ የምንለካ ተማሪዎች አንድ ነገር መዘንጋት አይገባንም። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ነፃ የሆነውን የፍሎራይድ አዮን ብቻ ነው። በአሉሚኒየም ያዥ ወይም በናልጎንዳ ዘዴ ያለፈ ውሃ ግን ጥቂት የሟሟ አሉሚኒየም ሊኖረው ይችላል፤ አሉሚኒየሙም ፍሎራይዱን አቅፎ ከኤሌክትሮዱ ይሸሽገዋል። አሉሚኒየሙን ከፍሎራይዱ የሚያላቅቅ ማዘጋጃ ፈሳሽ ካልተጨመረ፣ መሣሪያው ትንሽ ቁጥር ያነባል፣ ለካዩም ውሃው ነጽቷል ይላል፤ ጠጪው ግን ሁለቱንም ይጠጣል። በዚህ ረገድ የለኪው ስሕተትና የማጣሪያው መሙላት ባንድነት ቢገናኙ ማንም ሳያውቅ ብዙ ወር ሊያልፍ ይችላል።

በመንደር ኤሌክትሮድ በየቀኑ ማግኘት አይቻልም። ሆኖም ነገሩ ያለ መፍትሔ አይደለም። አንደኛው በማጣሪያው መውጫ ላይ የውሃ ቆጣሪ ማግባት ነው፤ የያዡ ኃይልና የጉድጓዱ ፍሎራይድ አስቀድሞ በሚገባ ከተለካ፣ ያዡ የሚለወጠው ስንት ሺህ ሊትር ሲያልፍ እንደሆነ ስለሚታወቅ የቦኖው ጠባቂ ቆጣሪውን ብቻ ያነባል። ሁለተኛውና የተሻለው ሁለት ማጣሪያ አከታትሎ ማቆም ነው። ናሙና የሚወሰደው ከሁለቱ መካከል ነው። የመጀመሪያው ሲሞላ ሁለተኛው ገና ትኩስ ስለሆነ ጠጪው አይጎዳም፤ የመጀመሪያው ያዥ ይለወጣል፣ ሁለተኛውም ወደ ፊት ይመጣል። በዚህ ዓይነት የምርመራው ውጤት ሁለት ሳምንት ቢዘገይ እንኳ ክፉውን ውሃ የሚጠጣ ሰው አይኖርም።

የሞላው ያዥ ራሱስ ወዴት ይሄዳል? ፍሎራይድ እንደ ተህዋስያን በእሳት አይሞትም፤ እንደ ቅጠልም አይበሰብስም፤ ቦታ ብቻ ይለውጣል። ያዡን በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ እጣቢ ቤተሰቡ በብዙ ሳምንት ሊጠጣው የነበረውን ፍሎራይድ በጥቂት ባልዲ ውስጥ የሰበሰበ ነው። በጉድጓዱ አጠገብ ከተደፋ የወጣበት ይመለሳል። ካልሲየም ባለው ኖራ ቢታከም ግን ፍሎራይዱ ወደ ፍሎራይት ተለውጦ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ክፍል የተናገርነውን፣ ለሸለቆው ውሃ የጎደለውን የካልሲየም ሥራ ሰው በእጁ ይፈጽመዋል ማለት ነው።

፮. ለባልንጀሮቻችን የምናቀርበው አሳብ

በዩኒቨርሲቲያችን ስለ ፍሎራይድ የሚሠራ የመመረቂያ ጥናት ብዙ ነው፤ አዲስ ያዥ ለማግኘት ሸክላ፣ ቀይ አፈር፣ የዛፍ ቅርፊትና ልዩ ልዩ ዐመድ ይሞከራል። ይህ የሚመሰገን ትጋት ነው። ነገር ግን አንድ አዲስ ያዥ በብርጭቆ ውስጥ ከመቶ ዘጠና ያህል ፍሎራይድ አወጣ ማለት ብቻውን ለመቂ ወይም ለዝዋይ ገበሬ የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ ማናቸውም እንዲህ ያለ ጥናት ሦስት ነገር እንዲመልስ መምህራኖቻችንም እንዲጠይቁን እንለምናለን። አንደኛ፣ ከሸለቆው ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ሲሞከር፣ የሚወጣው ውሃ 1.5 ሚሊግራም እስኪደርስ ድረስ አንድ ኪሎ ያዥ ስንት ሊትር አጣራ? ሁለተኛ፣ ያ ቀን መድረሱን በመንደሩ ማን በምን ያውቃል? ሦስተኛ፣ የሞላው ያዥ የት ይወድቃል?

ሦስቱም ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ የሚሹ አይደሉም። የመጀመሪያው አንድ የመስተዋት ቱቦ፣ ጥቂት በርሜል የጉድጓድ ውሃና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ወደ መንደሩ ወርዶ ከቦኖው ጠባቂ ጋር መነጋገርን ይፈልጋል፤ ሦስተኛውም ከሙከራው በኋላ የተረፈውን ከመጣል በፊት አንድ ጊዜ በውሃ ዘፍዝፎ መልሶ የሚለቀውን መለካት ነው። በሚመጣው ዓመት የምርምር ርእስ የሚመርጡ ባልንጀሮቻችን፣ አዲስ ያዥ ከመፈለግ ይልቅ አስቀድሞ ከተገኙት አንዱን ይዘው እስከሚሞላበት ቀን ድረስ ቢከተሉት፣ በወንጂና በዝዋይ ዛሬ ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ላለው ሕፃናት የበለጠ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።